ዳንቴል የለበሰው ማቀዝቀዣ

ምራቲቱ ያንን ዳንቴል ለብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ተርጉማው እንደነበር፣ ነገሩ ሁሉ አልፎ ለሳቅ ከበቃ በኋላ ራሷ አልካደችም። የወተት ማቀዝቀዣው ከማኅበሩ የጭነት መኪና ወርዶ የግቢውን በር ባለፈበት ቀን፣ አማቷ እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ዙሪያውን ከዞሩት በኋላ፣ «ይኼማ በረት አይገባም፤ ኃጢአት ነው» ብለው ፈረዱና ሳሎን አስገቡት። ማሽኑ በቴሌቪዥኑና በቡፌው መካከል በነበረችው ክፍት ቦታ፣ በልኳ የተሠራ ይመስል፣ ገጠመ። በማግስቱ ነጭ ዳንቴል ለበሰ። ሳምንት ሳይሞላው ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ በቀለ፤ ከጽጌረዳው አጠገብ የሟች ባላቸው ፎቶግራፍ በክብር ቆመ። እንግዳ መጥቶ «አዲስ ቡፌ ገዛችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ አማት ፈገግ ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ምራቲቱ ይህን በመጀመሪያ የዕቃ ፍቅር አለችው። ቆይታ እልህ አለችው። ቀኑ የከፋባት ዕለት ደግሞ ጥላቻ ትለው ነበር፤ ማሽኑን ማኅበሩ ዘንድ ተመላልሳ፣ ለምናና ተሟግታ ያስመጣች እርሷ ነበረችና፣ አማቷ ዳንቴል አልብሰው ጥግ ያቆሙት ማሽኑን ሳይሆን እርሷን መሰላት።

ግቢው ከከተማዋ አሮጌ መንገዶች በአንደኛው ላይ ነበር፤ ከፊት ሳሎንና መኝታ ክፍሎች፣ ከኋላ ሦስት ላሞች የሚያድሩበት ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ በረት፣ ከመንገዱ በር አጠገብ ደግሞ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ የብስክሌት ጎማ የሚጣልባት ጠባብ ክፍል። በዚያ መንገድ ሰው ላም የሚያረባው ከጎረቤቱ የስፌት መኪና ድምፅና ከአውቶቡስ ጥሩምባ ጋር እየተጋፋ ነው፤ ላሞቹም ለምለም መስክ በዓይናቸው ሳያዩ፣ በፉርሽካና ሰፈሩ በሚያጠራቅምላቸው የአትክልት ልጣጭ ይኖራሉ። ጧት የሚታለበውን ወተት የማኅበሩ ሰብሳቢ በንጋት መጥቶ በትኩሱ ይወስደዋል። የማታው ግን ባለቤት አልነበረውም። ሰብሳቢው በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይመጣም፤ ማታ የታለበ ወተት ደግሞ በሙቀቱ ወራት ሌሊቱን አይሻገርም። ገሚሱ ለጎረቤት ይቀዳል፤ ገሚሱ ይረጋል። ቤቱ እርጎ ከመጥገብ አልፎ ተሰላችቶ ነበር፤ ባልየው እንኳ «እኔን ራሴን ቢንጡኝ ቅቤ ይወጣኛል» እስከ ማለት ደርሷል። ከዚያ የተረፈው ይደፋል፤ የምትደፋውም ምራቲቱ ነበረች። ከንጋት እስከ ምሽት በረት ስትጠርግ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ፉርሽካ ስትሸከም የዋለች ሴት፣ የድካሟን ግማሽ በገዛ እጇ ወደ ቦይ ስታፈስ የሚሰማትን ስሜት ለማንም ተናግራው አታውቅም።

ማሽኑ ይህን ሊያስቀር የመጣ ነበር። ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ውስጡ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ የብረት ሣጥን ሲሆን፣ ሥራውም ለማስረዳት አያስቸግርም፤ ቀን መብራት ሲኖር በድርብ ግድግዳው መካከል ካለው ውኃ በረዶ ያጠራቅማል፤ ማታ ወተቱ ሲገባበት፣ መብራት ቢኖርም ቢጠፋም፣ በረዶው ወተቱን አቀዝቅዞ ለንጋት ያደርሰዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማታው አለባ አስቀድሞ ቀኑን ሶኬት ላይ መዋል። ዳንቴል ለብሶ፣ ሽቦው ተጠቅልሎ በሪባን ታስሮ ለሚኖር ማሽን ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። አማት ሰበብ አጥተው አያውቁም። አንድ ቀን መብራት ይጨርሳል ይላሉ፤ ሌላ ቀን ድምፁ ላሞቹን ያስበረግጋል ይላሉ፤ ሰበብ ያለቀባቸው ዕለት፣ «ወተት ከላም ገላ ሞቆ ነው የሚወጣው፤ እግዜር ብርድ ቢፈልግለት ኖሮ ከነብርዱ ይሰጠን ነበር» ብለው ነገሩን በሃይማኖት ዘጉት። ምራቲቱም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ የቀደሙት፤ እውነታቸውን ነው፣ አይነቅዝም፤ ነገር ግን እንደ ማታ ወተት ይኮመጥጣል።

አንድ ዕለት ጧት ወተት ሰብሳቢው እንደ ልማዱ የመኪናውን ጥሩምባ ነፍቶ ገባ። እውነተኛ ስሙን የሰፈሩ ሰው ረስቶታል፤ መለኪያውን ከእጁ ስለማይለይና ያገኘውን ሁሉ ስለሚለካ «ቴርሞሜትር» ይሉታል፤ ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ነክሮ አይቶ ነው የሚጠጣው እየተባለ ይታማል። የጧቱን ወተት ለካ፣ ገለበጠ፣ ቢዶኑን ከደነ። ከዚያ እንደ ወትሮው አልወጣም።

«እትዬ፣ የማታውስ?»

«የማታውማ ማታ አለቀ» አሉ አማት።

«እስቲ ማሽኑን ልየው።»

ሳሎን ገቡ። የቤቱ ልጅ፣ የምራቲቱ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዕረፍት ቀኑ አልጋ ላይ መዋል ሕመም ስለሚመስለው ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ያን ቀንም እዚያው ነበር። ቴርሞሜትር ፎቶግራፉን በሁለት እጁ አንሥቶ ለምራቲቱ አቀበላት፤ ጽጌረዳውን አነሣ፤ ዳንቴሉን ገለጠ፤ ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ሳህኖች ተደርድረዋል።

«እትዬ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ላሞቹ ሳህን መታለብ ጀመሩ እንዴ?»

«ለእንግዳ የሚወጣ ነው። እዚያ ውስጥ አቧራ አይደፍረውም።»

«እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲመጣ!»

ከሶፋው ላይ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚል እንቅልፋም ድምፅ ተሰማ። አማት ሳይዞሩ፣ «አንተ ተኛ!» አሉት፤ ልጅየውም ዓይኑን ጨፈነ። ቴርሞሜትር ሳቁን ዋጠና ፊቱን የኮሚቴ ፊት አደረገው።

«የምሬን ነው እትዬ። ማኅበሩ ለየሰፈሩ አንድ አንድ ለሙከራ ነው የሰጠው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሞልቷል። ነገ ጧት ስመጣ የማታው ወተት ቀዝቅዞ ከጠበቀኝ፣ እሰየው። ካልሆነ ማሽኑን ጭኜ እሄዳለሁ። እኔን እንዳይረግሙኝ፤ የኮሚቴው ውሳኔ ነው።»

«አንተን ማን ይረግማል ልጄ፤ ኮሚቴውን ነው እንጂ» አሉ አማት።

ሰብሳቢው ወጣ። አማት ፎቶግራፉን ከምራታቸው ተቀብለው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉትና ቡፌው ላይ አቆሙት፤ «ይውሰደው፤ ሸክም ነው የሚወርድልን» ብለው ባልዲያቸውን አንሥተው ወደ በረት ወጡ። ምራቲቱ የቀራትን ትዕግሥት ፍለጋ አልደከመችም። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አውጥታ፣ ሆን ብላም እያንኳኳች፣ ቡፌው ላይ ቆለለቻቸው፤ የሽቦውን ሪባን ፈታች፤ ሶኬቱ ላይ ስትሰካው ማሽኑ ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ ማጉረምረም ጀመረ። ባልየው አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ መልሶ ጨፈነው። እርሷም ለወራት ያጠራቀመችውን ንግግር በልቧ እየደረደረች፣ «እማማ፣ ዛሬስ በቃኝ» ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደምትል እየተለማመደች፣ አማቷን ተከትላ ወጣች።

የበረቱ ደጃፍ ስትደርስ የሰማችው ድምፅ አስቆማት። አማት የዳለቻዋን ላም ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ እያሹ ያነጋግሯት ነበር፤ ድምፃቸውም በሳሎን የሚሰማው፣ ኮሚቴ የሚረግመው ድምፅ አልነበረም።

«አንቺ ምን አለብሽ ዳለቻ፤ ጧትም ማታም ላንቺ ያው ባልዲ ነው። ለኔ ግን ልዩነት አለው። ወተቱ ማታ ማታ ከማሽን ከገባ ማን ያንኳኳል? ፖስተኛው ልጣጩን ተሸክመው ምን ሊያገኙ ይመጣሉ? ልጄ እንደሆነ መሪው ላይ ነው፤ ሙሽራዬ እንደሆነች እንኳን ለወሬ ለእስትንፋስም ጊዜ የላት። እኔና አንቺ ተፋጠን ልናመሽ ነው እንግዲህ። አንቺ ደግሞ ጨዋታ አታውቂ።» ጨርቁን ጨመቁ። «ልንገራት እንዴ? ምን ብዬ? በዚህ ዕድሜ ሰው ይናፍቀኛል ይባላል? ያቺ ልጅ ስንት የደከመችበትን ነገር! አይ፣ ዝም ብሎ መብራት ይጨርሳል ማለት ይሻላል።»

ምራቲቱ የደረደረችው ንግግር ከአፏ ሳይወጣ ከልቧ ወደቀ። ማታን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማቷ ዓይን አየችው። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የመንገዱ በር ይንኳኳል። ቀድመው የሚደርሱት ጡረተኛው ፖስተኛ ናቸው፤ በዘመናቸው የከተማዋን በር ሁሉ ያንኳኩ ሰው፣ አሁን የሚያንኳኩት በር ይኸው አንዱ ነው፤ በአንድ እጃቸው የድንች ልጣጭ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ትንሽ ማንቆርቆሪያ ይይዛሉ። ከኋላቸው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የጎመን ቅጠሉንና የቀኑን ሐሜት ይዞ ይከተላል። ከዚያም ሌሎች። በዚያ ሰፈር የማታ ወተት የሚለወጠው በልጣጭ ነው፤ ልጣጩ ለላሞቹ፣ ወተቱ ለሰዎቹ፤ ሒሳቡን የሚይዝ የለም፤ አንድ እፍኝ ያመጣም ማንቆርቆሪያው ሞልቶ ይሄዳል። ችግሩ ማንም ቶሎ አለመሄዱ ነው። በርጩማ ይወጣል፤ ጨዋታ ይመጣል፤ እግሩን ያመመው እግሩን ዘርግቶ ስለ እግሩ ያወራል። አማት በመካከላቸው ባልዲ ታቅፈው ሲቀዱ፣ ሲሳደቡ፣ ሲመርቁ ያመሻሉ። ሰፈሩ «እትዬ ማታ» ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ምራቲቱ በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ከኋላ በረት ስትጠርግ ስለምትገኝ፣ ሳቁ የሚደርሳት በግድግዳ ተጣርቶ ነበር፤ ያንንም ሰዓት እስከዚያ ቀን ድረስ በልቧ የምትጠራው «ብክነት» በሚል ስም ነው። ዳንቴሉ ጌጥ አልነበረም ለካ። አማቷ አንድን አስፈሪ ነገር እንዳይታያቸው ሸፍነውት ኖሯል።

በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ወደ ሳሎን ተመለሰች። ማሽኑ ደስ ብሎት ያጉረመርማል። እጇን በጎኑ ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቀዝ ማለት ጀምሯል። «ነገ ይወስዱሃል» አለችው በሹክሹክታ፣ «ደግ ቤት ይግጠምህ።» ነቀለችው። ሽቦውን ጠቀለለች፤ ሪባኑን አሰረች፤ ፉርሽካ ልትገዛ ከረጢቷን ይዛ ወጣች። ያላየችው ነገር ቢኖር፣ ባልዲ ሊመልሱ የመጡት አማቷ ከኮሪደሩ ሆነው ያንን ስንብት ከዳር እስከ ዳር መመልከታቸውን ነው።

አማት የምራታቸው እግር ከግቢው ሲወጣ ሳሎን ገቡ። የተቆለሉትን ሳህኖች አዩ፤ የታሰረውን ሽቦ አዩ። ትናንት ያቺ ልጅ የተበላሸውን ወተት ስትደፋ፣ ባልዲውን ገልብጣ ከጨረሰች በኋላም ቀብር እንደቆመ ሰው አንገቷን ደፍታ መቅረቷን በመስኮት አይተው ነበር፤ ያም ሌሊቱን ሲቆረቁራቸው አድሯል። አሁን ደግሞ እርሳቸውን ፈርታ የወደደችውን ስትሰናበት አዩ። «አይ የኔ ነገር፣» አሉ፣ «እርጅና ሲመጣ ስስት ይዞ ይመጣል።» ሪባኑን ፈትተው ማሽኑን ሰኩት፤ ሲያጉረመርም ትንሽ ደንገጥ ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ከዚያ ለላሞቹ ውኃ ሊያቀርቡ ወጡ።

ምራቲቱ ከረጢቷን ተሸክማ ስትመለስ ማሽኑ ሥራ ላይ ነበር።

«ማን ነው የሰካው?»

«እኔ ተኝቻለሁ» አለ ባልየው።

ማን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ብዙ አልፈጀባትም፤ ልቧም በአንድ ጊዜ ሞቀና ታመመ። አማቷ የማታ በራቸውን ለእርሷ ሲሉ ሊዘጉ ነው። ነቀለችው። ከቀትር በኋላ አማት ለጸሎት መጽሐፋቸው መነጽር ሊፈልጉ ገብተው ጸጥታውን ሰሙ።

«ማን ነው የነቀለው?»

«እኔ ተኝቻለሁ አልኩ እኮ እማዬ። የተኛ ሰው ምን ያያል?»

ሰኩት። እንዲህ እየሆነ ዋለ። አንዷ በደጅ ስትወጣ ሌላዋ በጓዳ ትገባለች፤ አንዷ የሰካችውን ሌላዋ ትነቅላለች፤ ሁለቱም የሚያደርጉት በፍቅር ነበር፤ ሁለቱም የሚያደርጉት እንደ ሌባ ነበር። በአጥሩ ማዶ የሚሠራው ልብስ ሰፊ የማሽኑ ድምፅ ሲነሣና ሲወድቅ ሰምቶ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ምነው፣ ሰው ታሞባችኋል እንዴ? ከጧት ጀምሮ የሚያቃስት አለ» ብሎ ጠየቀ። ባልየው በበኩሉ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ሁሉ እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር። ግን በሁለት ሴቶች መካከል የሚኖር ወንድ ከመጋረጃ የሚማረው ነገር አለ፤ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ሌሎች ናቸው፤ የእርሱ ድርሻ ተሰቅሎ መዋል ብቻ ነው። በዚያ ላይ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን የተዝናናበት ዕረፍት አልነበረም።

ከማታው አለባ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ምራቲቱ ለመጨረሻ ጊዜ ልትነቅል በመስኮቱ በኩል፣ አማት መሰካቱን ሊያረጋግጡ በጓዳው በኩል፣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሶኬቱ ላይ እጅ ለእጅ ተገናኙ። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት?»

«አንቺ ነሽ ሙሽራዬ? ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልነቅል።»

«ለምንድን ነው የምትነቅይው? አንቺው ለምነሽ ያመጣሽውን!»

«እርስዎስ ለምን ይሰኩታል? ወተት እንዲበርደው እግዜር አልፈለገም ብለው!»

ሶፋው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባልየው ትራሱን አፉ ላይ ይዞ ሳቁን ለማፈን ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም፤ ፈነዳ። እንባው እየወረደ፣ «አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ ይሰካል! ከጧት ጀምሮ! ማሽኑ ራሱ እኮ ግራ ገብቶታል፤ ሥራ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት አላወቀም!» አለ። ሁለቱ ሴቶች በመጀመሪያ እርሱን በቁጣ፣ ቀጥለው እርስ በርሳቸው በኀፍረት ተያዩ። ምራቲቱ ቀደመች።

«ሰምቼዎታለሁ እማማ። ጧት፣ ለዳለቻ የነገሯትን።»

አማት ፊታቸው በአንድ አፍታ ቀላ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዙ፤ ለቀቁ።

«አይ ዳለቻ!» አሉ በመጨረሻ፣ «ምስጢር አትጠብቅም።»

ከዚያ እርሳቸውም ሳቁ፤ ምራቲቱም ሳቀች፤ ከሳቁም መካከል፣ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፣ ትንሽ ለቅሶ ተቀላቀለበትና ቶሎ ተጠረገ። «እኔማ ትናንት ባልዲውን ይዘሽ ስትቆሚ አይቼ ነው» አሉ አማት። «ወተት ደፍቶ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ደፍቶ ይሄዳል እንጂ።» በመካከላቸው ለወራት የቆየው ነገር ይህን ያህል ነበር፤ ሲነገር አንድ ትንፋሽ እንኳ አልሞላም።

ሆኖም ሰዓቱ አልጠበቃቸውም። ላሞቹ ግታቸው ሞልቶ ይጣራሉ። ክዳኑን ከፍተው የበረዶውን ቦታ በባትሪ ሲያዩ፣ ቀኑን ሙሉ መከመር የነበረበት በረዶ እንደ ክረምት መስኮት ስስ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ምራቲቱ እንዳየችው ገባት፤ ይህ በረዶ የማታውን ወተት ሁሉ አይችለውም፤ ሁሉ ከተጨመረበት ሁሉም ለብ እንዳለ ያድራል፤ ነገ ጧት ቴርሞሜትር ነክሮ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ጭኖ ይሄዳል። በገዛ ደግነታችን ገደልነው፣ አለች በልቧ።

«ስንት ይችላል?» አሉ አማት።

«ግማሹን ቢችል ነው።»

«እና ግማሹ መች አነሰ?» አሉ አማት፤ በድምፃቸውም ውስጥ ማታ ማታ ብቻ የሚሰማው ጉልበት ገባ። «የቻለውን ያቀዝቅዛ! የማይችለውን እኔ አውቅበታለሁ፤ ስንት ዘመን ሙሉ ያለ በረዶ ያደልኩት ነው። አንተ ተኝቻለሁ ባይ፣ ተነሥ! ይኼ ነገር እዚህ ምን ይሠራል? ወተቱ ያለው በበረት፣ ሰው ያለው በመንገዱ በር፣ ማሽኑ ከቴሌቪዥን ጋር!»

ከመንገዱ በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ተከፈተች። የተሰበሩት ወንበሮችና የብስክሌቱ ጎማ ወጡ፤ ወለሉ ታጠበ፤ ግድግዳው ላይ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የኖረ ሶኬት ተሞከረና ሠራ። ልጣጫቸውን ይዘው ቀድመው የደረሱት ፖስተኛ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው ከሸክሙ አንዱን ጥግ ያዙ፤ ልብስ ሰፊው በአንገቱ ላይ ሜትሩ እንደተንጠለጠለ ሌላውን ጥግ ያዘና የበሩን ስፋት ለክቶ፣ «ያልፋል፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ማጥበብ ቢያስፈልግም» አለ። ማሽኑ አለፈ። ምራቲቱ ሰካችው፤ በዚህ ጊዜ የነቀለው የለም።

ላሞቹ ታለቡ። የዚያን ዕለት ምሽት ምራቲቱ የበረቱን ጠረጋ ለባሏ ትታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገዱ በር ቆመች። አማት እንደ ወትሮው ባልዲ ታቅፈው ቀዱ፤ እንደ ወትሮው ተሳደቡ፤ እንደ ወትሮው መረቁ። ልጣጩ በአንድ በኩል ሲከመር፣ ማንቆርቆሪያው በሌላ በኩል ሲሞላ፣ ባልዲው በእኩሌታው ጎደለ። የቀረውን ምራቲቱ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላ ማሽኑ ውስጥ ጨመረችው። ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ፤ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ አቃሰተ። ምራቲቱ በጨለማው ክዳኑ ላይ ጆሮዋን አሳረፈች፤ ማሽኑ ዝም ብሏል፤ ብረቱ ግን ጉንጯን አቀዘቀዘው። ስሱ በረዶ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ሰዎቹ ሊበተኑ ሲሉ ነርሷ መጣች። ከመንገዱ ማዶ የምትኖር፣ ተረኛ ስትሆን ከሆስፒታል አምሽታ የምትገባ ሴት ናት፤ ሁልጊዜ ወተቱ ካለቀ ወይም ከኮመጠጠ በኋላ ስለምትደርስ፣ ልጣጯን በበሩ ሥር አስቀምጣ ባዶ እጇን ማለፍ ልማዷ ነው። ያን ቀንም ፌስታሏን አስቀምጣ፣ «ደህና እደሩ» ብላ ልትሄድ ነበር።

«ነይ እስቲ!» አሉ አማት። «ብርጭቆ አምጡ።»

ነርሷ ከማሽኑ የተቀዳላትን ብርጭቆ በሻማ ብርሃን ተቀብላ ቀመሰች፤ ቆመች፤ ብርጭቆውን በጉንጯ ላይ አሳረፈች። «ይበርዳል!» አለች፣ እንደ ሕፃን። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባመሽም አንኳኩ?»

አማት ወደ ኋላቸው ዞሩ። ማሽኑን አዩ፤ በሩን አዩ፤ ምራታቸውን አዩ። የፈሩት ነገር በሩን የሚዘጋ መስሏቸው ኖሯል፤ ይኸው በርሱ ምክንያት አንድ የማያንኳኳ ሰው ሊያንኳኳ ነው። «አንኳኪ እንጂ፣» አሉ፣ «እኔስ የት እሄድብሻለሁ?» ከዚያ ብዙ ጊዜ አስበውበት እንደኖሩ ሁሉ ቀና ብለው ወደ ሳሎን ገቡ፤ ሲመለሱ ጠርዛቸው ወርቃማ የሆኑትን ሳህኖች በሁለት እጃቸው ተሸክመው ነበር። ዳቦ ተቆረሰ። ፖስተኛው ሳህናቸውን በሻማው ፊት አገላብጠው፣ «ይኼ ለእንግዳ የሚወጣው አይደለም እንዴ?» አሉ።

«እናንተስ ምንድን ናችሁ? ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ስትመጡ የቤት ዕቃ መሰላችሁኝ እንዴ?» አሉ አማት። ልብስ ሰፊው፣ «እኔስ ራሴ በርጩማ መስዬዎታለሁ ብዬ ነበር» አለ፤ ሳቁ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ምራቲቱ ያንን ሳቅ ግድግዳ ሳያጣራው ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

በንጋት ቴርሞሜትር ጥሩምባውን ነፍቶ ገባ፤ ወደ ሳሎን ሲያመራ ምራቲቱ በእጇ ወደ ጠባቧ ክፍል አሳየችው። ክዳኑን ከፍቶ መለኪያውን ነከረ። አየው። አወጣው፣ ጠረገው፣ እንደገና ነከረ። ባልየው ወደ ሥራው ሊሄድ ዩኒፎርሙን ለብሶ ቆሟል፤ አማት ባልዲያቸውን አጥብቀው ይዘዋል፤ ምራቲቱ ትንፋሿን።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ ቴርሞሜትር፣ እንደተቀየመ ሰው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጠኑን አየ። «ግን ይኼ የማታው ሁሉ አይደለም። ግማሽ ነው።»

«ግማሹ የሰፈር ነው» አሉ አማት። «ኮሚቴህ ያለው ቀዝቃዛ ነው እንጂ ሙሉ መች አለ?»

ሰብሳቢው ቃሉን በልቡ መላልሶ መረመረው፤ የኮሚቴው ውሳኔ በእርግጥ ስለ ሙሉ የሚለው ነገር አልነበረም። ቢዶኑን ከፈተና ወተቱን ገለበጠ። አማት ከትናንቱ ዳቦ ቆርሰው ወርቃማ ጠርዝ ባለው ሳህን አቀረቡለት፤ እርሱም ሳህኑን ሲያይ እንግዳው ማን እንደሆነ ጠየቀና፣ «እንግዳው አንተ ነህ፤ ብላ» ተባለ። ሻዩን ነክሮ አይቶ ጠጣ።

ማሽኑ አልተወሰደም። በመንገዱ በር አጠገብ ባለችው ክፍል ቀረ፤ በየቀኑ ጧት ምራቲቱ ትሰካዋለች፤ ማታ መጀመሪያ ጎረቤት ይቀዳል፣ የቀረው ይቀዘቅዛል፣ አምሽቶ የሚመጣም ያንኳኳል። ዳንቴሉ ታጥቦ በቡፌው ላይ ተነጠፈ። ሳህኖቹም ወደ ጋዜጣቸው አልተመለሱም።